ሉፓን ሣልሳዊ የተከሰሰበት ወንጀል

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ላኩልኝ፤ ሁለቱ «እውነታቸውን ነው» ብለው፣ ሦስተኛዋ «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ብላ። ጽሑፉ የሚከሰው ሉፓን ሣልሳዊን ነው፤ ከ1971 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በጃፓን ቴሌቪዥን ሲሰርቅ የኖረውን ያን ሳቂታ የካርቱን ሌባና ጓደኞቹን። ለነገሩ ደንታ የሌለው ሰው የጻፈው ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። ጸሐፊው ግን ብዕራቸው የሚያምር፣ ለልጆች ከልባቸው የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ብቻውን አይሳሳትም፤ ብዙ አንባቢ አስከትሎ ነው። ስለዚህ መልስ ይገባል።

ክሳቸውን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ተከታታዩ ሌብነትን አሳምሮ ለወጣቱ ያቀርባል፤ በእኛ ባህል ግን ሌባ መነቀፊያ እንጂ መወደሻ ሆኖ አያውቅም ይላሉ። ሕግ አስከባሪውን ኢንስፔክተር ዜኒጋታን መሳቂያ በማድረግ ሕግን ራሱን ያስንቃል ይላሉ። ፉጂኮ የተባለችውን ሴት ከገላዋና ከክህደቷ በቀር ምንም የሌላት አድርጎ ያሳያል፤ ሥራው ራሱ ከፈረንሳዊ ደራሲ የተዘረፈ ነው፤ በመጨረሻም ከሃምሳ ዓመት በላይ ያንኑ ታሪክ ሲያመላልስ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም ይላሉ። ከእነዚህ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ስደርስባቸው አልሸሽም።

ተከታታዩን ለማያውቁት በአጭሩ ልንገራቸው። ታሪኩን በ1967 በሳምንታዊ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ላይ የጀመረው መንኪ ፓንች በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ካዙሂኮ ካቶ ነው፤ በ2019 ዐርፏል። ሉፓን ሣልሳዊ የፈረንሳዊው የልብ ወለድ ሌባ የአርሴን ሉፓን የልጅ ልጅ ነው። ኮፍያውን ዓይኑ ላይ የሚደፋው ተኳሹ ጂጌን፣ ሰይፉ ብረት የሚቆርጠው ጎኤሞን፣ አንድ ቀን ወዳጅ በማግሥቱ ባላንጣ የምትሆነው ፉጂኮ አብረውት አሉ። ከኋላቸው ደግሞ ካቴናውን በገመድ አስሮ እየወረወረ የሚሮጠው ዜኒጋታ።

ከመጀመሪያው ክስ ልነሳ፤ ሌሎቹ የተንጠለጠሉት በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ይህን ክስ ያቆሙት «ሌባ» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። ጃፓኖች ግን ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ሁለት ቃል አላቸው። ጨለማን ተገን አድርጎ ሰው ቤት የሚገባው ዶሮቦ ይባላል። ካይቶ ሌላ ነው፤ ከመምጣቱ በፊት «በዚህ ሰዓት ይህን ዕቃ ልወስድ እመጣለሁ» የሚል ካርድ የሚልክ፣ ብዙ ጠባቂ የቆመበትን የሚመርጥ፣ በልብ ወለድና በመድረክ እንጂ በሰፈር የማይገኝ ፍጡር ነው። ሉፓን ካይቶ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠርቶ በአንድ ፍርድ መቅጣት፣ በጉግስ ሜዳ ላይ የሚጫወተውን ፈረሰኛ ሰው በመደብደብ እንደ መክሰስ ነው።

ደግሞስ አማርኛችን ይህን ልዩነት አያውቅምን? ሌባ፣ ኪስ አውላቂ፣ ወንበዴ፣ ሽፍታ እንላለን፤ አራቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ግን የለም። የቋራው ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ከመሆናቸው በፊት ሽፍታ ነበሩ፤ የሽፍትነታቸው ዘመን ሲተረክ የተራኪው ድምፅ የሚሞቀው በአድናቆት ነው። «ሽፍታ ሌባ አይደለም» ይሉኝ ይሆናል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ከቃሉ ይልቅ ግን ታሪኩ ራሱ ይመስክር። በ1979 የወጣውን «የካልዮስትሮ ቤተ መንግሥት» የተባለውን ፊልም ልውሰድ፤ የጃፓናዊው የካርቱን ፊልም ዳይሬክተር የሃያዎ ሚያዛኪ የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው። ሲጀምር ሉፓንና ጂጌን የሞንቴ ካርሎን ቁማር ቤት ዘርፈው በትንሿ ፊያት ሲያመልጡ እናያለን። መኪናዋ እስከ አፏ በገንዘብ ተሞልታለች፤ ወንዶቹ ኖት ውስጥ እየዋኙ ይስቃሉ። ወዲያው ሉፓን አንዷን ኖት አገላብጦ ያያትና ሣቁ ይቆማል። ሐሰተኛ ናት። ያን ሁሉ ገንዘብ በመስኮት እየበተኑት ይሄዳሉ። እንግዲህ ሌብነትን ለማሞገስ የተሠራ ፊልም በዚህ ይጀምራል? ከዚያ በኋላ የምናገኘው ትልቁ ወንጀለኛ ማዕረግ ያለው፣ ቤተ መንግሥት ያለው፣ የራሱ ዘበኛ ያለው ኮንት ነው። የብዙ አገሮችን ገንዘብ አስመስሎ በድብቅ የሚያትመው እርሱ ነው። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ይባላል፤ ፊልሙ የሚጠይቀው ግን ከዚያ የጠለቀ ነው፦ ከሁለቱ ሌባ ተብሎ የሚታደነው ለምን አንደኛው ብቻ ሆነ?

መጨረሻው ደግሞ አለ፤ ጸሐፊው ፊልሙን አይተውት ከሆነ ይህን እንዴት እንዳለፉት አልገባኝም። የካልዮስትሮ ምስጢራዊ ሀብት የተባለው ወርቅ ሳይሆን ሐይቁ ሲጎድል ከሥሩ ብቅ የሚል ጥንታዊ የሮማውያን ከተማ ነው። ሉፓን ያየዋል፣ ይደነቃል፣ ለኪሱ እንደማይመጥን ተናግሮ ይተወዋል። ከኮንቱ እጅ ያዳናት ልዕልት ክላሪስ ታቅፈውና አብሬህ ልሂድ፣ መስረቅ ባልችልም እማራለሁ ትለዋለች። እጆቹ ሊያቅፏት ይነሣሉ፤ አየር ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ አያቅፏትም። ገና ወደ ፀሐይ ከመውጣትሽ ተመልሰሽ ጨለማ ውስጥ ልትገቢ ነውን ብሎ ግንባሯን ሳም አድርጎ ይሄዳል። የራሱን ኑሮ ጨለማ ብሎ የጠራው ማን ነው? ፖሊሱ አይደለም፣ ቄሱ አይደለም፣ አባቷም አይደለም። ሌባው ራሱ ነው። ከዚህ የበለጠ የሌብነት ተግሣጽ ከየት ይመጣል?

ይህን ፊልም ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር ነው ያየሁት። ጸሐፊው እንደሚፈሩት ቁልፍ እንዴት እንደሚሰበር አልጠየቀችኝም። «ለምን ትቷት ሄደ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ ሁለት ቀን ተከራከርንበት፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበል። ይህ ፊልም ሉፓንን ከሌሎቹ ሥራዎች ይልቅ ለስላሳ አድርጎታል። የመንኪ ፓንች የመጀመሪያው ሉፓን ጨካኝና ሴት አሳዳጅ ነበር። በ1971 ማሳአኪ ኦሱሚ መምራት የጀመረውም ተከታታይ ለአዋቂዎች የታሰበ ነበር፤ ተመልካች ሲያጣ ኦሱሚ ለቀቀና ኢሳኦ ታካሃታና ሚያዛኪ ተረከቡት፤ ገጸ ባሕርዩም ያኔ መለሳለስ ጀመረ። ስለዚህ «ለትንንሽ ልጆች ሁሉም ክፍል አይሆንም» የሚሉት ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ወላጅ መምረጥ አለበት። ይህ ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው። ሌብነትን ማወደስ የሚለው ክስ በዚህ አይረጋገጥም።

ጎኤሞንንም ላንሣ። ስሙ የመጣው ከኢሺካዋ ጎኤሞን ነው፤ በ1594 የጃፓን ገዥ በነበረው በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ዘመን ኪዮቶ ውስጥ በፈላ ጋን የተገደለ ሌባ። ጃፓኖች ካቡኪ በሚሉት ባህላዊ ቲያትራቸው መድረክ ለዘመናት ሲጫወቱት ኖረዋል፤ ነገር ግን ጀግንነቱን ሲያሳዩ ጋኑን አልደበቁም። እንዲያውም ከሥሩ እሳት የሚነድበትን የቤት መታጠቢያ ገንዳ በስሙ ጎኤሞንቡሮ ብለውታል። ሌባን በተረት መውደድና የሌባን ዋጋ ማስታወስ በአንድ ሕዝብ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ለማወቅ ይህ አንድ ቃል ይበቃል።

ሁለተኛውን ክስ ሳነብ በእውነት አዘንኩ፤ ምክንያቱም በተከታታዩ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ሰው ዜኒጋታ ነው። አዎን፣ ይሳቅበታል። ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ሉፓን የእርሱን ፊት አጥልቆ በገዛ ፖሊሶቹ ያስደበድበዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «የማይይዝ ፖሊስ» ይሉታል። ይይዛል እንጂ! በመጀመሪያው ተከታታይ አራተኛ ክፍል ሉፓንን ይዞ እስር ቤት ይከተዋል፤ ሉፓን ጢሙ እስኪንዠረገግ አንድ ዓመት ያህል ይታሰራል፤ የሚገደልበት ቀንም ይቆረጣል። ጓደኞቹ ሊያስመልጡት ሲመጡ እምቢ ይላል። መያዙ አሳፍሮታልና ዜኒጋታ ያደረሰበትን ውርደት በራሱ እጅ መመለስ ይፈልጋል። የሚያመልጠው ልክ በመገደያው ጊዜ ነው። ይህን ክፍል ያየ ሰው ሉፓን ዜኒጋታን ይንቀዋል አይልም። አንድ ዓመት ሙሉ በእስር የሚከፈል ዕዳ ለማይከበር ሰው አይከፈልም።

ስሙ ራሱ የአክብሮት ስም ነው። ዜኒጋታ የሚባለው በ1931 የጃፓን ልብ ወለድ ውስጥ የተወለደው፣ ወንጀለኛን ሳንቲም እየወረወረ የሚይዘው የኤዶ ዘመን ፖሊስ ዘር ነው ተብሎ ነው። ለዚህ ነው የእኛው ካቴናውን የሚወረውረው። ሌባው የታላቅ ሌባ ልጅ ልጅ ከሆነ አሳዳጁም የታላቅ አሳዳጅ ዘር ይሁን ያሉ ሰዎች ሕግን ለማዋረድ አልተነሡም።

ወደ ካልዮስትሮ ልመለስ፤ መልሱ ሁሉ እዚያ ተቀምጧልና። ዜኒጋታ ሉፓንን ሲያሳድድ ቤተ መንግሥቱ ሥር የሐሰት ገንዘብ ማተሚያውን ያገኘዋል። ማስረጃውን ይዞ ኢንተርፖል ይሄዳል። የየአገሩ ልዑካን እርስ በርስ ይወነጃጀላሉ፤ ነገሩ ፖለቲካ ነው ተብሎ ይታፈናል፤ እርሱም ከጉዳዩ እንዲወጣ ይደረጋል። እንግዲህ ፊልሙ የሳቀው በማን ላይ ነው? ከጠረጴዛ ጀርባ በተቀመጡት ላይ እንጂ በዜኒጋታ ላይ አይደለም። እርሱ ደግሞ ምን ያደርጋል? በኮንቱ የሠርግ ቀን ሉፓንን አሳድዳለሁ ብሎ ይገባል፤ የቴሌቪዥን ካሜራ በቀጥታ እያስተላለፈ እየተከተለው ወደ ማተሚያው ይወርዳል። ከዚያም ሳያስበው ድንገት የገባበት መስሎ የየአገሩን ሐሰተኛ ኖት ለዓለም እያሳየ ይጮኻል፤ ሉፓንን ስፈልግ ይህን አገኘሁ፣ ምን ይሻለኛል እያለ። ትወናው የጎደለ ነው፤ ድምፁ ደረቅ፣ እንቅስቃሴው የተጠና ነው፤ ውሸት የማይሆንለት ሰው ስለ እውነት ሲል ውሸት እየሞከረ ነውና። እኔ ይህን ትዕይንት ሳየው እስቃለሁ፤ ሣቄ ግን ንቀት የለበትም። ሕጉ እጁን ባሰረበት ቦታ የሕጉን ዓላማ ያስፈጸመ ፖሊስ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ከላይ ተከልክሏል» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይህን ፖሊስ ያውቀዋል፤ ባያውቀውም ይመኘዋል።

በመጨረሻም ልዕልቲቱ ሉፓን ምንም አልሰረቀብኝም ስትለው፣ እጅግ ውድ ነገር ሰርቋል፣ ልብሽን ብሎ የሚመልስላት ዜኒጋታ ነው። የፊልሙን ፍርድ እንዲሰጥ የተመረጠው ሰው መሳቂያው ነው ማለት ነው።

ስለ ፉጂኮ ጸሐፊው ከሌላው ይልቅ ለእውነት ቀርበዋል፤ ይህንን ሳልደብቅ እናገራለሁ። በመጀመሪያዎቹ የመጽሔት ታሪኮች ፉጂኮ የሚለው ስም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሴት የሚዘዋወር ነበር፤ አንዷ በሌላዋ ብትተካ ማንም አያስተውልም። ለዓይን ብቻ የተሣሉ ትዕይንቶችም በብዛት አሉ፤ እኔም በእነዚያ አፍራለሁ። ነገር ግን ጸሐፊው «ከገላዋና ከክህደቷ በቀር ምንም የሌላት» ሲሉ ከ1977 ወዲህ የመጣውን ሁሉ ይሰርዛሉ። ፉጂኮ የማንም ሚስት አይደለችም፤ ማንንም አታገለግልም፤ የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ሉፓንን ስትከዳው እንኳ እርሱ ከድታኛለች ብሎ አያለቅስም፤ ጨዋታው ይኸው ነውና። በካልዮስትሮ ውስጥ ደግሞ በኮንቱ ቤት አገልጋይ መስላ ገብታ የራሷን ሥራ ስትሠራ ነው የምናገኛት። ሉፓን የሚደርሰው እርሷ ከገባች በኋላ ነው። ያንን የቴሌቪዥን ካሜራ ይዛ ከዜኒጋታ ኋላ የወረደችውም ራሷ ፉጂኮ ናት።

በ2012 ደግሞ በስሟ የተሰየመ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ተከታታይ ወጣ፤ የመራችው ሴት ናት፣ ሳዮ ያማሞቶ። ሥራው ለአዋቂ ብቻ ነው፤ ለልጅ አይታይም። የእኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው። ተከታታዩ ስለ ልጅነቷ አስፈሪ ትዝታዎችን እየጨመረ ይሄዳል፤ ተመልካቹም «ለካ በደረሰባት በደል ነው እንዲህ የሆነችው» ብሎ ሊያዝንላት ይዘጋጃል። መጨረሻ ላይ ትዝታዎቹ የእርሷ አለመሆናቸው ይገለጣል። በሰው የተተከሉባት የሌላ ሴት ሕይወት ናቸው። ፉጂኮ ሌባ የሆነችው ተበድላ አልነበረም፤ ወድዳና መርጣ እንጂ። ምርጫዋን መውቀስ ይቻላል። ገላ ብቻ ናት ማለት ግን አይቻልም፤ ገላ አይመርጥምና።

የስርቆቱ ክስ ብዙ አያቆየኝም። መንኪ ፓንች የሉፓንን ስም ሳያስፈቅድ እንደወሰደ እውነት ነው፤ በዚህም የተነሣ ተከታታዩ በውጭ አገር ስሙን ለመቀየር ተገድዶ ያውቃል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሉፓን ኤድጋር ተብሎ ነበር። ነገር ግን የአርሴን ሉፓን አባት ሞሪስ ሌብላን ራሱ ምን አደረገ? ጀግናውን በ1905 ከፈጠረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዙን ሼርሎክ ሆልምስን ወስዶ ታሪኩ ውስጥ አስገባው፤ ከእንግሊዝ ተቃውሞ ሲመጣበት የስሙን ፊደላት አቀያይሮ ኤርሎክ ሾልሜስ አለው። ስለዚህ ሉፓን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተዋሰ ነገር የሚኖር ቤተሰብ ነው። ከዚያ ውጭ ጃፓኖቹ ያመጡት የራሳቸው ነው። የሥዕሉ መሥመር መንኪ ፓንች ከአሜሪካ የቀልድ መጽሔቶች ተምሮ የራሱ ያደረገው ነው። ፊያቷ የመጣችው የሥዕሉ ኃላፊ ያሱኦ ኦትሱካ ራሱ እንዲህ ያለች መኪና ይነዳ ስለነበር ነው። የሙዚቃ ደራሲው የዩጂ ኦኖ ጃዝ፣ ጎኤሞንና ዜኒጋታም ከሌብላን መጽሐፍ ውስጥ አይገኙም። ከአያቱ የተወረሰው ስምና ፈገግታ ነው።

የቀረው «አልተለወጠም» የሚለው ነው። ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ይወጡ ከነበሩት የቴሌቪዥን ልዩ ፊልሞች ብዙዎቹ ደካማ ናቸው፤ ይህን እኔም እላለሁ። ከዚያ ባሻገር ግን ድግግሞሽን ጥፋት አድርገው የሚቆጥሩ ሰው ትዝታን ስንት ዘፋኝ እንደዘፈነው ያስቡ። ቅኝቱ አንድ ነው፤ ሰው የሚሄደው ይህኛው ዘፋኝ ምን እንዳደረገበት ለመስማት ነው። የሉፓን ኮት አረንጓዴ ነበር፣ ቀይ ሆነ፣ ሮዝ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፤ በእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ዘመን አለ። በ2015 በጣሊያንና በሳን ማሪኖ ይኖራል፤ ያ ተከታታይ ከጃፓን በፊት የታየውም በጣሊያን ነው። በ2018 ዓለም ሁሉ በስልኩ እየተከታተለ የት እንዳለ የሚጠቁምበት ጨዋታ ይወጣበታል፤ መደበቅ ሙያው ለሆነ ሰው መደበቂያ ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚል፣ ለ1971ዱ ሉፓን ሊነሣ የማይችል ጥያቄ ነው።

ድምፆቹም ተለውጠዋል፤ ስለሞቱ። ሉፓንን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጫወተው ያሱኦ ያማዳ በ1995 ሲያርፍ፣ ድምፁን በማስመሰል የሚታወቀው ካኒቺ ኩሪታ ተተካ። በጥቅምት 2021 ስድስተኛው ተከታታይ ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል ቁጥሩ ዜሮ፣ ርእሱ «ዘመን» ነበር። ጂጌንን ለሃምሳ ዓመት በድምፁ ሲጫወት የኖረው ኪዮሺ ኮባያሺ በ88 ዓመቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው በዚህ ክፍል ነው። ድምፁ ዘገምተኛ ነው፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ሽማግሌው ይሰማል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጂጌን ግን ያው ነው፤ ኮፍያው ዓይኑ ላይ፣ ሲጋራው አፉ ላይ። በቀጣዩ ክፍል አኪዮ ኦትሱካ ተረከበው፤ ኮባያሺም በሐምሌ 2022 ዐረፈ።